የሞዴል ባቡር ክበብ፦ ሐዲድ ስንነድፍ የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው አንድ ወላጅ በሰጡን ያገለገለ የባቡር መጫወቻ ነው። ሐዲዱ አንድ ክብ ብቻ ይወጣዋል። ገጠምነው፤ ባቡሩ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፤ ልጆቹም ብዙ ሳይቆዩ ሰለቻቸው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ባቡር ከየት ተነስቶ ነው የት የሚደርሰው?» አለች። የዓመቱ ሥራችን ከዚህች ጥያቄ ተነሳ። ጥሩ የሐዲድ ንድፍ መነሻና መድረሻ ሊኖረው ይገባል፤ መሬቱ እንቢ ሲል ደግሞ ሌላ መላ ይፈልጋል።

የድሬ ልጅ መነሻና መድረሻ አይቸግረውም። ጅቡቲን በአንድ ጫፍ፣ አዋሽን በሌላው፣ ድሬዳዋን መሐል አደረግን። ከዚያ ልጆቹ የሐዲዱን ስፋት ለኩ፤ 16.5 ሚሊሜትር ሆነ። መጫወቻው ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ስለሚያንስ ሲያባዙት 1,435 ሚሊሜትር ገደማ መጣ፤ የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋት ማለት ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ በዚሁ መጠን 12 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። «ታዲያ የምንሠራው የአያቶቻችንን መስመር ነው ወይስ አዲሱን?» የሚል ክርክር ተነሳ። አያታቸው ምድር ባቡር የሠሩ ልጆች አጥብቀው ያዙ። በመጨረሻ ሐዲዱ ባለበት ይሁን፣ ጣቢያዎቹ ግን የድሮዎቹ ይሁኑ ተባለ።

ከሁሉ ብዙ ያስተማረን ሐረር ነው። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረርን ሊነካ ታስቦ ነበር። ልጆቹ «እኛ እናስገባዋለን!» ብለው ከፎም ተራራ ሠሩ። ባቡራችን ግን በ100 ሴንቲሜትር ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ከወጣ ፉርጎዎቹን መጎተት ያቅተዋል፤ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። በዚህ ሒሳብ 7.5 ሴንቲሜትር ለመውጣት 2.5 ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፤ ሐዲዱን የዘረጋንበት ችፑድ ደግሞ 2.44 ሜትር ነው። ተራራውን እየዞሩ መውጣት ሞከሩ፤ ኩርባው ሲጠብ ፉርጎው ከሐዲድ ወጣ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ለምን ከተራራው ግርጌ እንደቆመና ድሬዳዋ ለምን እዚህ እንደተቆረቆረች ልጆቹ በእጃቸው አዩት። ይህን በታሪክ ክፍለ ጊዜ በቃል ብቻ ሲማሩ እንደዚያ ዓይናቸው ሲበራ አላየሁም።

ሌላው ፈተና ጅቡቲ ላይ ባቡሩን አዙሮ መመለስ ነበር። ሐዲዱ ዞሮ ከራሱ ጋር ሲገጥም የቀኙ ዘንግ ከግራው ተገናኘና ሾርት አደረገ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሽቦውን በወረቀት ላይ እየሳሉ መፍትሔውን ራሳቸው ደረሱበት፤ የዙሪያውን ሁለቱንም ዘንግ በሁለት ቦታ ቆርጠው ለዩት፤ ባቡሩ ዙሪያው ውስጥ ሳለ የዋናውን መስመር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚገለብጥ ማብሪያም አስገቡ። ባቡሩ ሳይቆም ዞሮ ሲመለስ የተነሳው ጩኸት ቢሮ ድረስ ተሰምቷል።

ቀለም ቅቡና የወላጆች ቀን ትርኢቱም አምሮ አልፏል።

ለሚቀጥለው ዓመት ከተማችንን የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ እንጨምራለን፤ የከዚራ ሰፈር በአንድ ወገን፣ የመጋላ ሰፈር በሌላው። ቤታችሁ የተበላሸ የመጫወቻ መኪና ካለ ሞተሩን አትጣሉት፤ ለሐዲድ መቀየሪያዎቻችን እንፈልገዋለን። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ታገኙናላችሁ።