የዳሎል የማዕድን ሰፈር የጣሊያን ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ዳሎል የሚጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎች ቢጫና አረንጓዴ ፍል ውኃዎቹን በሰፊው ሲያወሱ፣ በኮረብታው ላይ ፈርሶ የሚታየውን አሮጌ የማዕድን ሰፈር ግን «የጣሊያን ዘመን ፍርስራሽ» ብለው ያልፉታል። ይህ አገላለጽ የታሪኩን ግማሽ ስለሚያስቀር፣ የሚከተለውን ለአንባቢዎች እንድታደርሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጅማሬው በእርግጥም የጣሊያኖች ነው። ለማዳበሪያ የሚውለው ፖታሽ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከሞላ ጎደል በጀርመን እጅ ስለነበር፣ ጦርነቱ ያንን ምንጭ በዘጋው ጊዜ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የጨው ሜዳ የሚገኘው የዳሎል ክምችት ድንገት ተፈላጊ ሆነ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ካለው ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነሥቶ፣ ዳሎል ሊደርስ 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀረው የተዘረጋው ጠባብ የባቡር ሐዲድ ግን የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1918፣ ጦርነቱ ባበቃበት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ 50,000 ቶን ያህል ምርት ወጥቷል ቢባልም፣ የጀርመን፣ የአሜሪካና የሶቭየት ኅብረት ፖታሽ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሥራው ተዳከመ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1929 እንደገና ቢሞከርም አልዘለቀም። ሐዲዱንም በኋላ እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት።

አብዛኛው ጸሐፊ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ሆኖም በዓለም ላይ ሰው ከኖረባቸው ስፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ነው እየተባለ ስለ ዳሎል ሁልጊዜ የሚጠቀሰው 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ነው። ወቅቱ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአካባቢው ፖታሽ ለመፈለግ ጉድጓድ ያስቆፍር የነበረበት ነው። ስለዚህ ዳሎልን በዓለም ያስጠራት ቁጥር ራሱ፣ ጣሊያኖች ከሄዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሰዎች ይኖሩና ይሠሩ እንደነበር ይመሰክራል። ቁጥሩን እየደጋገምን መዝጋቢዎቹን መርሳታችን ያስገርመኛል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ጎን ለጎን፣ ኩባንያዎቹ ከመምጣታቸው በፊትም ሆነ ከሄዱ በኋላ፣ አሞሌው በአፋሮች እጅ እየተቆረጠና እየተጠረበ በግመል ወደ በረሃሌና ወደ መቀሌ ሲጓዝ ኖሯል። የሰፈሩ ታሪክ ከዚህ ንግድ ተነጥሎ ሲነገር፣ ዳሎል የውጭ ሰዎች እስኪያገኟት ድረስ ባዶ ምድር የነበረች ታስመስላለች።

የሰፈሩ ግድግዳዎች ከጨው ጡብ የተሠሩ በመሆናቸው እንደ ድንጋይ ሕንፃ ዘመን አይሻገሩም፤ የማሽኖቹንና የተሽከርካሪዎቹንም ብረት ዝገት እየበላው ነው። ስለሆነም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና የአፋር ክልል የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ፍርስራሹን በካርታና በፎቶግራፍ እንዲመዘግቡት፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ዘመን እንደተሠራም በባለሙያ እንዲያስጠኑ አሳስባለሁ። ጋዜጣችሁም በበኩሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቁፋሮው ሥራ ተቀጥረው የነበሩ አረጋውያን ወይም ልጆቻቸው ትዝታቸውንና በእጃቸው የቀሩ ፎቶግራፎችን እንዲልኩ ጥሪ ቢያደርግ፣ በጽሑፍ ያልተያዘው የታሪኩ ክፍል የሚገኘው ከእነሱ ዘንድ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከመቀሌ