አግዳሚ ወንበሮቹ ለጋሽ አግኝተዋል፤ ቦዩ ገና ነው

ውድ ጎረቤቶች፤

የነዋሪዎች ማኅበራችን የጋራ ሜዳውን ለማደስ የጀመረው ሥራ ከጠበቅነው በላይ ድጋፍ አግኝቷል። ለአግዳሚ ወንበሮቹ ለጋሽ ተገኝቷል። ለዥዋዥዌውም እንዲሁ። ለአበባዎቹማ ሰው ተሽቀዳድሞ፣ የትኛው አበባ የት ይተከል በሚለው ላይ ኮሚቴው ሽማግሌ ሆኖ ማስታረቅ ነበረበት። ለውኃ መውረጃው ቦይ ግን እስከ ዛሬ «የዚህን ወጪ እኔ እችላለሁ» ያለ አንድም ሰው የለም።

አይገርምም። ወንበር ላይ ስም ይጻፋል፣ ይቀመጡበታል፣ ፎቶግራፍ ይነሡበታል። ቦይ ግን ይቆፈራል፣ ጠጠርና ቱቦ ይገባበታል፣ አፈር ይለብሳል፤ በደንብ ከተሠራ መኖሩንም የሚያስታውስ የለም። ይህ የድጋፍ ጥሪ ለዚያ ቦይ ነው።

ዝናብ ሲጥል የሜዳው ታችኛው ጥግ ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየጊዜው አፈር እየደፋን ስንሞላው ኖረናል፤ አፈሩም በሚቀጥለው ዝናብ ተጠርጎ መንገድ ላይ ሲዘረጋ አይተናል። ችግሩን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ሜዳችን 1,500 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ከባድ ዝናብ 30,000 ሊትር ያወርድበታል። በዙሪያው ካሉት ጣሪያዎች የሚንዶለዶለው ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። አፈሩ የላላ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ይጠጣው ነበር። ለዓመታት በእግርና በመኪና ጎማ ተረግጦ የጠጠረ መሬት ግን ውኃውን ከማስረግ ይልቅ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰደዋል።

ውኃው እዚያ ተኝቶ ከቀረ ደግሞ በላዩ የምንሠራው ሁሉ ዕድሜ አይኖረውም። የተክል ሥር አየር ይፈልጋል፤ ውኃ በሞላው አፈር ውስጥ ኦክስጅን አጥቶ ይበሰብሳል። ከላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ ቅን ሰው ደግሞ ችግኙ ውኃ የጠማው መስሎት ጨምሮ ያጠጣዋል። ከንጣፍ ድንጋዩ ሥር ያለው አሸዋ ይታጠባል፤ አንዱ ድንጋይ ይሰምጣል፣ አጠገቡ ያለው ብቅ እንዳለ ይቀራል፤ ምርኩዝ የያዙ እናቶችና አባቶች የሚደናቀፉት እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። ትንኝም አለች፤ ሞቃት በሆነ አየር ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ገደማ ይበቃታል።

ሥራው በግምት አልተጀመረም። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ ጎረቤታችን በጎ ፈቃደኞቹን አሰባስበው የሜዳውን ከፍታ ለክተዋል። መሣሪያቸው ውኃ የተሞላ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። አንዱ ጫፍ በላይኛው ችካል ላይ፣ ሌላው በታችኛው ላይ ይያዛል፤ ውኃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም እዚያው ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። ቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ገብታ ልኩን ስታዛባው ወጣቶቹ «ትንሽ ናት፣ ምንም አትል» ብለው ነበር። እርሳቸው ግን ውኃውን በሙሉ አስደፍተው እንደገና አስሞሉ። አሁን በችካሎቹ መካከል የተወጠረው ክር በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሄዳል። ውኃ በራሱ ጊዜ እንዲወርድ ይህ ይበቃዋል።

ቁፋሮው በእኛው ጉልበት ነው። ከተቆፈረ በኋላ ወለሉና ግድግዳው ውኃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ ይሸፈናል፤ ታጥቦ የጠራ ጠጠር ይፈስበታል፤ በጠጠሩ ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘረጋል፤ እንደገና ጠጠር ይለብስና ጨርቁ ከላይ ይታጠፍበታል። ወጪ ለመቀነስ ጨርቁ ይቅር ያሉን አሉ። ሐሳቡ በቅንነት የቀረበ ቢሆንም ኮሚቴው አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም ጨርቁ ከሌለ ደቃቅ አፈር በጠጠሩ መካከል እየገባ ቀስ በቀስ ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉንም አውጥቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ውኃውንም ከታች ላሉ ጎረቤቶቻችን ግቢ አንለቀውም። ከመንገዱ ዋና የጎርፍ መውረጃ ጋር ለማገናኘት ፈቃድ አግኝተናል።

እንግዲህ ገንዘብ የምንጠይቀው ለቱቦው፣ ለጨርቁ፣ ለጠጠሩና እነዚህን ለሚያመላልሰው የጭነት መኪና ኪራይ ነው። አቅሙ የፈቀደ ብዙ ይስጥ፤ ትንሽ ያለውም ሳያፍር ይስጥ። አንድ ሜትር ቦይ ለብቻ ወይም ከቤተሰብ ጋር ሆኖ መሸፈን ይቻላል። ስሙን ማየት የሚፈልግ ለጋሽ ካለ የሜትሩን ቁጥር ከነስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንጽፍለታለን፤ ቦዩ ላይ ግን መጻፊያ ቦታ የለም።

ማንም የማይወደው ሌላው ወጪ ጥገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ሰዎች ግጦሽን፣ ደንንና የመስኖ ውኃን የመሰለ የጋራ ሀብት ራሳቸው ባወጡት ደንብ ለረጅም ዘመን ጠብቀው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከብዙ አገሮች ማስረጃ ሰብስባ አሳይታለች። ከዘመን ዘመን በዘለቁት ዘንድ ማን እንደሚጠቀም፣ ማን ምን እንደሚያዋጣ፣ ማን እንደሚቆጣጠር የታወቀ ነበር። እኛ ጋ ሁሉም ተጠቃሚ ነው፤ የሚያዋጣውና የሚቆጣጠረው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተለይቶ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ከሚገባው ገንዘብ ሁሉ አንድ ዐሥረኛው ለጥገና ብቻ እንዲቀመጥ ወስኗል። በዚህ ገንዘብ የቦዩ የደለል ጉድጓድ ይጠረጋል፣ የዥዋዥዌው ብሎኖች ይጠብቃሉ፣ ከሥሩ ያለው አሸዋም ይሞላል። አሸዋው የሚወድቅ ልጅን እንዲያድን ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ልጆች ደግሞ በእግራቸው እየገፉ ቶሎ ያሳሱታል።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ይለጠፋል። ደረሰኝ ለማይሰጥ ሰው፣ የኮሚቴ አባል እንኳ ቢሆን፣ ምንም አትስጡ።

ከገንዘብ ይልቅ እጁን መስጠት የሚፈልግም ሥራ አያጣም። በመግቢያው ላይ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃናት ጋሪ የሚሆን የኮንክሪት መወጣጫ ይሠራል። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልገው ልኩን የሚጠብቅ የኮንክሪት ባለሙያ እንፈልጋለን። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውኃ ጋር በሚያደርገው ውህደት ስለሆነ፣ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ የሚያጠጡ ተረኞችም ያስፈልጋሉ። ለዚህ ባልዲ መያዝ የሚችል ሁሉ ይበቃል። አካፋ፣ ዶማና የእጅ ጋሪ በውሰት እንቀበላለን፤ ስማችሁን በቀለም ጻፉበት።

አንድ ልመና ደግሞ አለን፤ አሮጌ ሶፋ አታምጡ። ሜዳው ላይ ማንነቱ ባልታወቀ ለጋሽ የተተወ አንድ አለን፤ እርሱን የምናደርግበት ጠፍቶናል።

ጠጠሩና ቱቦው መግባት ያለባቸው የዝናቡ ወራት ሳይጀምሩ ነው፤ ቁፋሮው በየቅዳሜው ጠዋት ይቀጥላል። ለመስጠት ያሰባችሁ በዚያው ሰዓት ገንዘብ ያዧን ሜዳው ላይ ታገኛላችሁ፤ የባንክ ሒሳቡ ቁጥርም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ቱቦው ከተዘረጋ በኋላ አፈር ሳይለብስ በፊት ከላይኛው ጫፍ ውኃ እናፈስበታለን። ገንዘባችሁ የት እንደገባ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በዚያ ቀን ኑ፤ ቀኑን ቀደም ብለን በሰሌዳው ላይ እናሳውቃለን።

የነዋሪዎች ማኅበሩ የሜዳ እድሳት ኮሚቴ