አፋር፣ ሎጊያ ላለው ልጄ

ልጄ፣ እንኳን ለ27ኛ ዓመት ልደትህ አደረሰህ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ። መደወል አቅቶኝ አይደለም የምጽፍልህ። በስልክ ሳወራህ "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" እያልክ ታልፈኛለህ። ይህን ግን ቁጭ ብለህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ትናንት እህትህ ፌስቡክ ላይ የለጠፍከውን አሳየችኝ። የአሰብን ወደብ ፎቶ አድርገህ "በሳምንት እንገባለን፣ ምን እየጠበቅን ነው?" ብለሃል። አንሳው። ሌላም እንዳትለጥፍ። ጦርነት አትጥራ ልጄ።

የባሕር በር አያስፈልገንም እያልኩህ አይደለም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ሰርዶን፣ ዶቢን፣ ኤሊዳርን፣ ማንዳን፣ ቡሬን እንደ ሰፈሩ ያውቃቸው ነበር። እስከ 1990 ድረስ የአገሩ ዕቃ አብዛኛው በዚያ ነበር የሚገባው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋና ሁሉም መኪና ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ አባትህም ዞረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በዚያው ቀረን። አሰብን ከመጠቀም ያስቀረን ጦርነት ነው። ሌላ ጦርነት እንዴት አድርጎ ነው የሚመልስልን? ይህን አስበህ ነው የጻፍከው?

መኝታ ቤትህ ያለችውን የስፌት መኪና ታውቃታለህ፣ የቤት ሥራህን እሷ ላይ ነው የሠራኸው። የኤርትራዊቷ የቡና አጣጬ ንብረት እንደሆነች ነግሬሃለሁ። እንዴት እኛ ቤት እንደገባች ግን በደንብ ነግሬህ አላውቅም።

ጦርነቱ በ1990 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው የተጀመረው። ባድመ የሚባል አገር እኛ ሰፈር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግንቦት 28 መቀሌ አይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተመታ፣ ልጆች አለቁ። በዚያው ቀን አስመራም ተደበደበች። ከዚያ በኋላ የሰው ዓይን ተለወጠ። አብሮን እድር የከፈለ፣ ለቅሶ የደረሰ፣ ድንኳን የተከለ ሰው "እነሱ" ተባለ። ሰኔ ላይ ሌሊት መጥተው የቡና አጣጬን ባል ወሰዱት። እሷ ሲመሽ ልጆቿን ጫማቸውን እንዳደረጉ ታስተኛቸው ጀመር። የስፌት መኪናዋን አምጥታ እኛ ቤት ያስቀመጠችው ያኔ ነው። "ካልተመለስኩ ለሚወለደው ልብስ ስፊበት" አለችኝ። አንተን ማለቷ ነው። ክርስትና ልታነሳህ ተስማምተን ነበር።

ነሐሴ ላይ እሷንም ወሰዷት። እኔ ለእርግዝና ክትትል ሄጄ ነበር። ስመለስ ቤቷ ታሽጓል። ለመንገድ የሚሆን ዳቦ እንኳ ሳላስይዛት፣ ልጆቿን ሳልስም ቀረሁ። ይኸው ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አውቶቡሱ በአዋሽ በሚሌ አድርጎ ቡሬ ድረስ እንደወሰዳቸው የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። አንተ አሁን ለሥራ የምትመላለስበት መንገድ ነው እኮ! ያን ጊዜ ከዚህ የተባረረው ሰው ወደ 75 ሺህ ይገመታል። ከዚያም ወገን የእኛዎቹ ከአሰብና ከአስመራ ንብረታቸውን ጥለው መጥተዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ሞተ ይባላል። ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ያኔም "በሳምንት ያልቃል" የሚሉ ነበሩ። እኔ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።

ከዚያ ሃያ ዓመት ድምጿን አልሰማሁም። በ2010 ሐምሌ አስመራ ላይ ሲፈራረሙ ስልክ ተከፈተ። ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ወንድ ነው ሴት?" ብላ ነው። በዓመቱ ስትመጣ አንተም ከዩኒቨርሲቲ መጥተህ ነበር። ፊትህን በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ አፍረህ ወደ እኔ አየህ፣ ትዝ ይልሃል? መኪናዋን ውሰጂ ብላት "እዚሁ ትቆይ፣ እየመጣሁ አያታለሁ" አለች። አልመጣችም። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ነሐሴ 2016 ደግሞ የአስመራ በረራ ቆመ። አሁን ስደውል አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም።

"እንገባለን" ስትል ማን ላይ እንደምትገባ ልንገርህ። ትንሹ ልጇ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። እሷ ገበያ ስትሄድ እኔ ነበርኩ የማዝለው። ሳዋ፣ የኤርትራ ወታደር ማሠልጠኛ ገባ። አሥራ ስምንት ወር ነው የተባለው አገልግሎት ወጣትነቱን ጨርሶበት አሁንም ወታደር ነው። የት እንዳለ አልጠይቃትም፣ በስልክ አይጠየቅም። የአክስትህ ልጅ ደግሞ መከላከያ ውስጥ ነው፣ ታውቃለህ። እኔ ለየትኛው ልጸልይ? ሁለቱም በጀርባዬ የታዘሉ ናቸው። አንተ ስልክህን ይዘህ አልጋህ ላይ ተጋድመህ ሁለቱን ታዋጋልኛለህ? ጦርነት አትጥራ።

አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው። ከ2016 ጥቅምት የባሕር በር ንግግር ወዲህ ዛሬ ይጀመራል፣ ነገ ይጀመራል ስንባል ኖርን። እዚህም ታክሲ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሰው ቤት ልሥራ ወይስ ልተወው፣ ልጄን ልዳር ወይስ ልቆይ እያለ ይኖራል። አንተም ተጨንቀህ እንደሆነ ይገባኛል። ከፊት የምትገኘው አንተ ነህና ብትፈራ አይገርመኝም። ሰው ሲፈራ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከፈራህ ለእኔ ንገረኝ እንጂ ለማታውቀው ሰው አትፎክር።

አሁን የምልህን አድርግ። ፋይዳህን፣ ፓስፖርትህንና ዲግሪህን ፎቶ አንስተህ ለእህትህ ላክላት። ዋናዎቹን በአንድ ፌስታል አድርገህ ቦርሳህ ውስጥ አስቀምጥ። ብርህን ሁሉ ባንክ አታድርግ። ኮምቦልቻ ያለችው አክስትህ በ2014 ጥቅምት ከተማው ሲያዝ ባንክ ብር እያላት ጤፍ መግዛት አቅቷት ከጎረቤት ተበድራ ነው የበላችው፣ ባንኩም ስልኩም መብራቱም አንድ ላይ ነው የጠፋው። የወር ወጪህን በእጅህ ያዝ። የአስምህን መድኃኒት ትርፍ ግዛ፣ ሲያልቅ አትጠብቅ። ስልክ ቁጥራችንን ወረቀት ላይ ጻፍ። አንድ ነገር ከሰማህ "ላጣራ፣ ልይ" ሳትል በሚሌ ወደ ባቲ፣ ከባቲ አክስትህ ጋ። ሥራው ይቅር። ደሞዝ ይቀርብኛል አትበል።

ጓደኞችህ ፈሪ ነህ ይሉህ ይሆናል። ይበሉህ። አባትህ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ሲነዳ ፈሪ ያለው አልነበረም፣ ግን ጦርነት ሲነሳ ሬዲዮውን ዘግቶ ነበር ወደ ውጭ የሚወጣው።

በርበሬና ሽሮ በመኪና ልኬልሃለሁ፣ ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ሽሮው ጨው የለውም። የልደትህን ቀን ጾም ነውና ዓሣ አስጠብሰህ ብላ፣ ብቻህን አትብላ። እና ያንን ነገር ዛሬውኑ አንሳው። ማታ እህትህ ከሥራ ስትገባ ከፍታ ታሳየኛለች። ካላነሳኸው እኔ ራሴ ነኝ የምደውለው።