የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለት ኬብል ለአንድ ሰርቨር

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ሠርቷል። ለ9ኛ ክፍሎች ታይፒንግ አስተምረናል፣ የላቡን ኮምፒውተሮች አጽድተናል። ኬብል መሥራት የማይችል አባልም የለንም። በዚህ ዘገባ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ግን ስለ ሰርቨሩ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ኔት በሄደ ቁጥር ተማሪው የሚሮጠው ወደ ላቡ ሰርቨር ነው፤ የትምህርት ቪዲዮዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ፈተና ሲደርስ ሁሉም ፍላሹን ይዞ ይመጣና ኮፒ ማድረግ ይጀምራል። ያኔ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ልጆቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ዲስኩን ነበር። ዲስኩ ግን ኤስኤስዲ ስለሆነ ፈጣን ነው። የጠበበው ፖርቱ፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። አንድ የጊጋቢት ፖርት በሰከንድ ቢበዛ 115 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያሳልፈው። ለ20 ተማሪ ሲካፈል ለአንዱ 6 ሜጋባይት እንኳ አይደርስም።

ስለዚህ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨመርንና ሁለቱን ፖርቶች እንደ አንድ በሚያሠራው በሊኑክስ ቦንዲንግ አጣመርናቸው። ለዚህ ሥራ የወጣው ስታንዳርድ 802.3ኤዲ ይባላል፤ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እሱ ግን ስዊቹም (የላቡን ኬብሎች የሚያገናኘው ሳጥን) አብሮ እንዲስተካከል ይፈልጋል፤ የኛ ስዊች ደግሞ ሴቲንግ የሚባል ነገር የለውም። ልጆቹ 7ቱንም የቦንዲንግ ሞዶች (የማጣመሪያ ዘዴዎች) አንብበው ሞድ 6ን መረጡ። እሱ ከስዊቹ ምንም አይጠይቅም።

ከዚያ የኔትወርክ ፍጥነት በሚለካው ፕሮግራም፣ በአይፐርፍ ለኩ። ከአንድ ኮምፒውተር ሲለካ በሰከንድ 940 ሜጋቢት ገደማ መጣ (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው)። ሳይጣመርም ያው ነበር!

«ቲቸር፣ ሁለት ኬብል ሰክተን ለምን አልጨመረም?» አለችኝ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ብሽቅ ብላ።

የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነበር። ዓባይ በረሃ ላይ ሁለተኛ ድልድይ ስለተሠራ አንድ አይሱዙ በእጥፍ አይከንፍም። ሞድ 6ም ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንዱን ፖርት ይመድብለታል እንጂ የአንዱን ፋይል ለሁለት አይከፍልም። የተማሪው ኮምፒውተር ራሱም ያለው አንድ የጊጋቢት ፖርት ነው። ልጅቷ ወዲያው ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ላይ አስነሳች፤ ድምሩ ወደ 1.9 ጊጋቢት ተጠጋ። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ፖርት ላይ ይመደቡና ድምሩ ተመልሶ 940 ይሆናል። ይህንንም ደርሳበት ያሳየችን እሷው ናት።

በመጨረሻ ፋይል ኮፒ እየተደረገ አንዱን ኬብል ነቀልነው። ኮፒው ለአፍታ ቆም አለና ቀጠለ። ላቡ በጭብጨባ ተሞላ። ለእኔ ከፍጥነቱ ይህ ይበልጥብኛል፤ ድሮ አንድ የላላ ኬብል ክፍሉን በሙሉ ሥራ ያስፈታ ነበር።

«ታዲያ ኔቱም ፈጠነ?» የሚሉን ብዙ ናቸው። አልፈጠነም። የሰፋው በላቡ ውስጥ ያለው መንገድ ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚገባው ኢንተርኔት እንደነበረ ነው።

ዘንድሮ የሚለቁን የ12ኛ ክፍል አባላት የሰርቨሩን ሴቲንግ በደብተር ጽፈው ለ11ኛዎቹ አስረክበዋል። ለከርሞ ክበቡ ከትምህርት ቤታችን የሚጠይቀው ሴቲንግ ያለው ስዊች ነው። 802.3ኤዲን በእጃችን መሞከር እንፈልጋለን።