ለአዲሱ የቪዲዮ ማቀናበሪያ እትም የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌራችሁን ለስድስት ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ የምተዳደረውም በእሱ ነው። አዲሱን እትም ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። የቀድሞው እትም ሥራዬን አላጓደለብኝም ነበር። እንድከፍል ያደረገኝ በማስታወቂያችሁ ላይ ያነበብኩት አንድ ተስፋ ነው፤ በኤች.265 (ቪዲዮን ጨምቆ በትንሽ ቦታ በሚያስቀምጥ ዘዴ) የተቀረጸ ምስል ሳይቆራረጥ ይጫወታል የሚለው።

ካሜራዬ የሚቀርጸው በኤች.265፣ በ10 ቢትና በ4፡2፡2 የቀለም አያያዝ ነው፤ ቢቱ የቀለም ደረጃዎችን ብዛት፣ 4፡2፡2 ደግሞ ምን ያህል የቀለም መረጃ እንደሚቀመጥ ያሳያል። በዚህ አጨማመቅ አብዛኛው ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራበት ነጠላ ምስል) ሙሉ ሆኖ አይቀመጥም፤ ከሌሎቹ የሚለይበት ብቻ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹም መፈታት፣ ማለትም ከተጨመቁበት ወደ ምስል መመለስ አለባቸው። ግራፊክስ ካርዱ ካላገዘ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። የእኔ ካርድ የቀለም መረጃው ያነሰውን 4፡2፡0ን ይፈታል፣ 4፡2፡2ን ግን አይፈታም። የሽያጭ ገጻችሁ ይህን ልዩነት አንድም ቦታ አያነሣም።

የሙከራውን እትም ሳልሞክር አልቀረሁም። እሱ ግን የግራፊክስ ካርዱን እገዛ ዘግቶ ነው የሚሠራው። ምስሉ ሲንቀራፈፍ ሳይ ችግሩ የሙከራው እትም ነው፣ ስከፍል ይስተካከላል ብዬ አመንኩ። ለመወሰን የሚያስፈልገኝን አንዱን ነገር ዘግታችሁ ወስን አላችሁኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ስለ ልጃቸው የሚናገሩበትን ቃለ መጠይቅ ሳቀናብር፣ እንባቸውን የሚጠርጉበት ቦታ ላይ ደረስኩ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ወዲያው ዓይናቸው ላይ ታየ። መካከሉ የለም። በሰከንድ 25 ፍሬም ከተቀረጸው ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ነው ያየሁት። የት ላይ መቁረጥ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ደግሞ ያ የጠፋው መካከል ነበር።

አሁን እያንዳንዱን ፋይል ወደ ቀለል ያለ ቅጂ እየቀየርኩ እሠራለሁ። ይህንንማ የቀድሞው እትምም ይሠራልኝ ነበር! ታዲያ የከፈልኩት ለምንድን ነው? የድምፅ ማጽጃው በእውነት ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለእሱ ብዬ አልገዛሁም።

ወደ ቀድሞው እትም እንዳልመለስም መንገዱ ተዘግቷል። በአዲሱ እትም የተቀመጠ ፕሮጀክት በአሮጌው አይከፈትም፤ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ሥራ እዚያው ታስሮ ቀርቷል። ፕሮጀክቱን መጀመሪያ ስከፍት የመጣው መልእክት «ፕሮጀክቱ ይሻሻላል» ከማለት በቀር መመለሻ እንደሌለው አልነገረኝም።

ስለዚህ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የሽያጭ ገጹም የትኛው ካርድ የትኛውን የቀለም አያያዝና የቢት መጠን እንደሚፈታ በግልጽ ያሳይ። የሙከራው እትም ለአሥር ደቂቃ እንኳ ቢሆን የካርዱን እገዛ ይክፈት። ሶፍትዌሩ ፕሮጀክት ከመቀየሩ በፊትም የአሮጌውን ቅጂ ራሱ ያስቀምጥ።

የክፍያ ደረሰኜን፣ የኮምፒውተሬን ዝርዝርና የተቆራረጠውን ምስል ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ