ስለ ማጠፊያው ለጠየቁኝ ጥያቄ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «የመስቀሉን ማጠፊያ ምስማር በምን ትዘጊዋለሽ፣ በብየዳ ነው ወይስ በመቀጥቀጥ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጆሮዎ ከዚያ ሁሉ ዘመን የመዶሻ ድምፅ በኋላ ስለደከመ የስልክ ንግግር እንደሚያስቸግርዎ አውቃለሁ፤ እኔም ነገሩን በሁለት ቃል ልጨርሰው ስላልፈለግሁ በጽሑፍ መመለሱን መርጫለሁ። እህቴ ቀስ እያለች ታንብብልዎ።

አጭሩ መልስ «በመቀጥቀጥ» የሚል ነው፤ የምስማሩን ጫፎች በመዶሻ ዘርግቼ እዘጋዋለሁ። ምክንያቱ ግን ሰፋ ይላል፤ ለእኔ የተገለጠልኝም አዲስ ጌጥ በመሥራት ሳይሆን አሮጌ በመጠገን ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ወደ እኔ የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ከእናት ወይም ከአያት የወረሱትን የአንገት መስቀል ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቹ መስቀሎች እርስዎ እንደሚያውቋቸው ከማርትሬዛ ጠገራ ብር የተሠሩ ሲሆኑ፣ ማተብ የሚገባበት ማንጠልጠያ ከአናታቸው ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ነው፤ ማጠፊያውም የሁለቱ ወገን አንጓዎች፣ ማለትም አጫጭር ቱቦዎች፣ ተሰልፈው በውስጣቸው አንድ ምስማር የሚያልፍበት ነው። ማንጠልጠያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚል፣ ሰውየው ቢያጎነብስም ቢቀናም መስቀሉ ደረቱ ላይ ተደላድሎ ይተኛል። ይሁን እንጂ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያች ቀጭን ምስማር ላይ ነውና፣ መስቀሉ ምንም ሳይሆን ማጠፊያው ብቻ ተበልቶ ያልቃል። የማንጠልጠያው አንጓ ቀዳዳ ወደ ታች፣ የመስቀሉ አንጓዎች ቀዳዳ ደግሞ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ምስማሩም መሀሉ ላይ ይቀጥናል።

የቀድሞ ባለሙያ ምስማሩን ቀጥቅጦ የዘጋው ከሆነ ሥራዬ ቀላል ነው። የምስማሩን ራስ በሞረድ አነሣለሁ፣ ምስማሩን ገፍቼ አወጣለሁ፣ የረዘመውን ቀዳዳ አስተካክዬ እንደ ስፋቱ ወፈር ያለ አዲስ ምስማር አስገባለሁ፤ መስቀሉ እሳት ሳይነካው ይጠገናል። ምስማሩ በብየዳ የተዘጋ ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መበየጃው በሙቀት ፈስሶ አንጓው ውስጥ ገብቶ ስለሚገኝ፣ ምስማሩን ለማውጣት መልሶ ማጋል ወይም በመሰርሰሪያ እየፈለፈሉ መጨረስ ግድ ይላል፤ ማጋሉ ደግሞ አጠገቡ ያለውን የድሮ ብየዳ እንዳይፈታው ያስፈራል። ስለዚህ ማጠፊያ ስዘጋ የማስበው ነገ የሚለብሰውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ እኔ ከሞትሁ በኋላ መስቀሉን የሚከፍተውን አንጥረኛ ጭምር ነው።

አሁን አሠራሩን ልንገርዎ፤ የሚያርሙት ነገር ካለ ያርሙኝ።

አንጓዎቹን የምቆርጠው ከብር ቱቦ ነው። የቱቦው የውጭ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንዲሆን ስፈልግ፣ ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ የብር ቁራጭ በእንጨት ቦይ ላይ እየመታሁ አጠማዝዛለሁ፣ ከዚያም በሽቦ መሳቢያው ቀዳዳዎች እየሳብሁ አጠብበዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አሁን አሁን ቱቦውን ተሠርቶ ከሚሸጥበት እገዛለሁ። ይህን ሲሰሙ ፊትዎን እንደሚያጠቁሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተገዛው ቱቦ ግድግዳው ዙሪያውን እኩል ነው፣ የሚፈታ ስፌትም የለውም። ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ማጠፊያ ግን አልገዛም፤ ከጌጡ ጋር አይስማማም፣ ስስም ነው።

አንጓዎቹ ቁጥራቸው ጎደሎ መሆን አለበት፤ ለመስቀል 3፣ ለሰፊ አንባር ወይም ለአልቦ 5 አደርጋለሁ፤ አንዱ ከአንድ ወገን፣ ቀጣዩ ከሌላው ወገን እየተፈራረቁ ይበየዳሉ፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይሆናሉ። ከብየዳው በፊት የሁለቱንም ወገን ጠርዝ በክብ ሞረድ ቦይ አወጣለታለሁ፤ ቱቦው በዚያ ቦይ ውስጥ ካልተኛ ብየዳው የሚይዘው በቀጭን መስመር ብቻ ይሆናልና ውሎ አድሮ ይለቃል። መበየጃ እንዳይደርስበት የምፈልገውን ቦታ ሁሉ በውኃ በበጠበጥሁት ቢጫ አፈር እቀባለሁ፤ መበየጃውንም በጣም ጥቂት አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንጓ በቦታው ተሰልፎ ሳለ ጥቂት ብቻ አስይዤ፣ ከዚያ ሁለቱን ወገን ነጣጥዬ ብየዳውን እፈጽማለሁ። መካከለኛው አንጓ ፀጉር ታህል ከዘመመ፣ ምስማሩ ቢገባ እንኳ ማጠፊያው አንድ ቦታ ላይ እየነከሰ ይቀራል።

ምስማሩን የማስገባው እሳቱ፣ በአሲድ ማጽዳቱና ማወልወሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አሲድ አንጓው ውስጥ ከቀረ በኋላ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ የማወልወያው ቅባትም በውስጡ ከተጠራቀመ ምስማሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ምስማሩ ሲገባ ሊጠብቅ ይገባል፤ በጣት የሚንሸራተት ከሆነ ቀጭን ነው። ከሁለቱም ጫፍ የውፍረቱን ግማሽ ያህል አስቀርቼ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ከረዘመ ሲመታ ይታጠፋል፤ ካጠረ ደግሞ የሚዘረጋ ብር አይኖረውም። የቀዳዳውን አፍ አስቀድሜ በመጠኑ ስለማሰፋው፣ የተዘረጋው ብር ወደዚያ ገብቶ ይሞላዋል። ከዚያም አንዱን ጫፍ በመስፍ ላይ አስደግፌ፣ ሌላውን በትንሿ መዶሻ ዳር ዳሩን በለዘብታ እመታለሁ፤ ጥቂት መትቼ እገለብጣለሁ፣ መልሼ እገለብጣለሁ፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ምስማሩን ይገፋዋልና። በአንጓዎቹ መካከል ቀጭን ወረቀት አኑሬ ስቀጠቅጥ ቆይቼ በመጨረሻ ቀድጄ አወጣዋለሁ፤ ማጠፊያው የሚተነፍስበት ክፍተት የሚያገኘው በዚህ ነው።

በእሳት የለዘበ ምስማር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምቱ የምስማሩን ራስ ከመዘርጋት አልፎ አንጓው ውስጥ ያለውን ክፍል ስለሚያሳብጠው ማጠፊያው ተቆልፎ ይቀራል። ሽቦው በመሳቢያው ቀዳዳ ሲያልፍ ያገኘውን ጥንካሬ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠገራ ብሩ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ፣ እዚህ ከምንሠራበት፣ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ከሆነው፣ ጠንከር ይላል፤ የድሮዎቹ ማጠፊያዎች ያን ያህል ዘመን የቆዩት አንድም በዚህ ይመስለኛል።

የማንስማማበት ነገር ይህ ነው። እርስዎ በብር ጌጥ ውስጥ ከብር በቀር ሌላ ብረት አይግባ ይላሉ። ለመስቀል እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። በየቀኑ ለሚከፈትና ለሚዘጋ አንባር ግን የማይዝግ የብረት ሽቦ አስገባለሁ፤ ብር በብር ላይ ሲፋተግ ሁለቱም ይበላሉና። ለገዢውም ምስማሩ ብር አለመሆኑን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ በሠሯቸው መስቀሎች ላይ የምስማሩ ራስ ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ ክብ ሆኖ ይታያል፤ እኔ ግን ከአንጓው ጋር እኩል አድርጌ በሞረድ አስተካክለዋለሁ። የእርስዎ ያምራል፤ እኔ ስሞክረው ዳሩ ይሰነጠቃል። ክቡን የሚያወጡት በመዶሻው ብቻ ነው ወይስ ጎድጓዳ ጫፍ ያለው መምቻ ነበረዎት? መምቻው ከዕቃዎችዎ መካከል ካለ ለሰው አይስጡብኝ፤ እህቴ የጎድጓዳውን ስፋት ለክታ ትላክልኝ፣ እኔ እዚህ አሠራዋለሁ።

እማማን ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከሜሪላንድ