የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ የኮካ ሐይቅ ባልነበረበት ዘመን

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፣ የግድግዳ መጽሔት ወጥቷል፣ በወላጆች ቀን ግጥም ቀርቧል። ስለ እነዚህ ይህን ያህል ይበቃል።

በመምህራን ክፍል «ልጆቹ ስለ ጠንቋይ ይጽፋሉ አሉ፤ ይህ ለማትሪክ ምን ይረባል?» መባሉን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ዘንድሮ አብዛኞቹ አባላት የመረጡት ፋን ፊክሽን ነው። የሚወዱትን ልቦለድ ገጸ ባሕርያት ወስደው የራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ። አብዝተው ያነበቡት ስለ ወጣት ጠንቋዮች የሚተርከውን ሃሪ ፖተርን በመሆኑም፣ የሃሪ ጓደኛ ሄርማዮኒ በሦስተኛው መጽሐፍ (1999 እ.ኤ.አ.) ጊዜን ወደ ኋላ የምትመልስባትን ትንሽ የአሸዋ ሰዓት በአንገቷ አጥልቃ በልጆቹ ታሪክ አዳማ ገባች።

ጣጣው አብሯት መጣ። ያለፈውን መቀየር ከተቻለ፣ የሞተ ሁሉ ለምን አይድንም? ደራሲዋ በአምስተኛው መጽሐፍ (2003 እ.ኤ.አ.) በልቦለዱ የአስማት ሚኒስቴር ያሉትን ሰዓቶች ሰባብራ ተገላገለች። እኛ ግን መስበሩን ስላልወደድነው ሕግ አወጣን። ወይ ተጓዡ የሚያደርገው ሁሉ ቀድሞም የተደረገ ነው፤ ሃሪ ከሐይቁ ማዶ ሆኖ ያዳነውን ሰው አባቱ መስሎት ኖሮ ራሱ ሆኖ እንዳገኘው። ወይ ያለፈው ሲነካ ሌላ ዘመን ይወለዳል፣ የቀድሞው ግን እንዳለ ይቀጥላል። ሁለቱን በአንድ ታሪክ ያቀላቀለ ጽሑፉ ይመለስለታል።

የዘመን አቆጣጠራችንም ብዙ ቀዳዳ አሳይቶናል። አንዱ ጀግናውን ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አስነሣው፤ ስድስተኛዋ ጳጉሜን ግን የዘመነ ሉቃስ ናት፣ የ2015 እንጂ የ2016 አይደለችም። ሌላው የወረራውን ዘመን 1935ን ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ ገልብጦ ዓ.ም. ብሎ ጻፈው። ጀግናው ለጦርነት ታጥቆ ሲደርስ ጣሊያን ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

በሚያዝያ ኮካ ሄድን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ (ስሜን አትጻፉ ብላኛለች) ሄርማዮኒን ወረራውን እንድታስቆም ወደ 1928 ዓ.ም. ልካታለች፤ ወታደሮች ሲያሳድዷትም በኮካ ሐይቅ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ደብቃታለች። ከውኃው ዳር መረብ ሲጠግኑ ያገኘናቸውን አዛውንት «አባባ፣ ከሐይቁ በፊት እዚህ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በኦሮምኛ፣ ልጅ ሳሉ ከብት ይጠብቁበት የነበረ ሜዳ መሆኑንና አዋሽ በመሐሉ ያልፍ እንደነበር ነገሯት። ግድቡ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ አየች፤ ቀና ብላም ውኃውን አየች።

«መደበቂያዋ ገና አልተሠራም» አለች።

ጓደኞቿ ሳቁ። ግድቡ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ መሆኑን ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። «እንግዲያው ወረራውን ካስቆመችው ካሳ የለም፣ ካሳ ከሌለ ግድብ የለም፣ እኛም ዛሬ እዚህ አንቆምም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። የምክንያትና ውጤትን ነገር እንዲህ አድርጎ በፈተና ወረቀት ላይ የጻፈልኝ ተማሪ የለም። ማትሪክን የጠቀሱት ባልደረቦቼ ይፍረዱኝ።

በአዲሱ ቅጂ ሄርማዮኒ ወረራውን አታስቆምም። አዋሽ ዳር ታድራለች፤ አንድ እረኛ ልጅ ወተት ይሰጣታል። ወደ ዘመኗ ስትመለስ ያው ልጅ ሸምግሎ፣ ሜዳው ሐይቅ ሆኖ፣ መረብ እየጠገነ ያገኛታል። «ቆየሽ» ይላታል። ሳነብላቸው ድምፄ ተሰብሮ ቀሪውን ሌላ ተማሪ አነበበው።

ያልተሳካም አለ። የታሪኮቹን መድበል ለማባዛት ያቀረብነው ጥያቄ «ወረቀት የለም» ተብሎ ተመልሷል፤ ለማሊያ ግን ገንዘብ አልጠፋም። የ12ኛ ክፍል አባላት ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ለፈተና ዝግጅት ቀርተውብናል። የኮካ ማመንጫ እዚሁ አጠገባችን ሆኖ፣ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተር ክፍሉን ያጣንባቸው ዓርቦችም ብዙ ናቸው።

ለ2018 የምንለምነው ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን፣ ጥቂት ደስጣ ወረቀትና የዓ.ም. እና የእ.ኤ.አ. ማመሳከሪያ ያለበት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ነው። መስጠት የሚፈልግ ወላጅ በክበቡ ስም ለርእሰ መምህሩ ቢሮ ያስረክብልን። ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጀግናውን በ1900 ዓ.ም. አዳማ ጣቢያ ከባቡር ሊያወርደው ተዘጋጅቷል፣ ሐዲዱ ደግሞ በዚያን ዘመን ገና ከድሬዳዋ አላለፈም።